የጓደኛን ፎቶግራፍ እንዴት እንተች? ለደሴና ለኮምቦልቻ አማተር ፎቶ አንሺዎች የቀረበ ዝርዝር መመሪያ

በደሴና በኮምቦልቻ ካሜራ ወይም ደህና ስልክ ይዘው በየሳምንቱ መጨረሻ የሚወጡ ወጣቶች ጥቂት አይደሉም። ጦሳ ተራራ ላይ ወጥተው ከተማዋን፣ ሐይቅ ድረስ ሄደው ውሃውን፣ ሰኞ ገበያ ገብተው ሰዉን ያነሣሉ፤ ማታ ደግሞ ያነሡትን ለጓደኞቻቸው ያሳያሉ። የሚያገኙት መልስ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፦ «ማሻአላህ፣ በጣም ያምራል» ወይም «ይኼማ ምንም አይልም»። የመጀመሪያው ደስ ያሰኛል፤ ሁለተኛው ያስከፋል። ፎቶ አንሺው በሚቀጥለው ሳምንት እዚያው ቦታ ሲቆም ምን ቢያደርግ የተሻለ እንደሚያነሣ ግን ሁለቱም አይነግሩትም። በእኔ እምነት ሂስ ማለት በፎቶው ላይ የታየውን ነገር ከምክንያቱ ጋር አገናኝቶ፣ ባለፎቶው ነገ ሊሠራው ወደሚችል አንድ ተግባር ማድረስ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ ወደዚያ የሚያደርሱ ናቸው።

ይህ አሠራር ለወሎ ሰው እንግዳ አይደለም። በዋድላ ቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ቤቱ የት ላይ እንደጎደለ፣ ምሥጢሩ የት ላይ እንደላላ እየነገሩ ያርሙታል። የእስልምና ትምህርት ተማሪው ደረሳም ከሸኹ ፊት ተቀምጦ የቀራውን ሲያሰማ፣ የሳታትን ፊደል ሸኹ መልሰው ያስደግሙታል። በሁለቱም ዘንድ እርማቱ የሚያርፈው በሥራው ላይ እንጂ በልጁ ላይ አይደለም፤ እርማቱም «አልቻልክም» በሚል ፍርድ ሳይሆን «እዚህ ጋ» በሚል ጥቆማ ይጀምራል። ለፎቶግራፍም የሚያስፈልገን ይኸው ነው።

አንደኛ፦ ፎቶውን በሚገባው ሁኔታ ማየት

ፎቶ በቴሌግራም እንደ ተራ ምስል ሲላክ መጠኑ ይቀንሳል፤ ጥራቱም ይጎዳል። ስለዚህ ተቀባዩ የሚያየው ድብዝዝነት ከካሜራው የመጣ ይሁን ከአላላኩ መለየት አይችልም። እንደ ፋይል ከተላከ ግን ሙሉ ጥራቱን እንደያዘ ይደርሳል፤ ካሜራው የመዘገበው መረጃም፣ ማለትም የሸተር ፍጥነቱ (ካሜራው ለብርሃን ተከፍቶ የቆየበት ጊዜ)፣ የአፐርቸር ቁጥሩ (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)፣ አይኤስኦው (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት)፣ የሌንሱ ርዝመት (ምን ያህል እንደሚያቀርብ የሚያሳየው የሚሊ ሜትር ቁጥር) እና የተነሣበት ሰዓት፣ አብሮት ይመጣል። ይህ መረጃ ለተቺው ትልቅ ሀብት ነው፤ በግምት ብዙ የሚያከራክር ጉዳይ ቁጥሩ ሲታይ ወዲያው ያልቃል። ይሁንና በስልክ የተነሣ ፎቶ የተነሣበትን ቦታ ጭምር መዝግቦ ሊይዝ ስለሚችል፣ የሰው መኖሪያ ቤት ወይም ሕፃናት የሚታዩበት ከሆነ ላኪው የቦታውን መረጃ አጥፍቶ መላክ ይኖርበታል።

የራስዎን ስክሪንም ያስተካክሉ። ማታ ማታ ስክሪኑን ቢጫ የሚያደርገውን የዓይን መጠበቂያ ያጥፉ፤ ካላጠፉት ስለ ቀለም የሚሰጡት አስተያየት በሙሉ የተሳሳተ ይሆናል። የስክሪኑን ብርሃን መካከለኛ ላይ ያድርጉት፤ ፀሐይ ላይ ቆመውም አይመልከቱ። ከዚያ ፎቶውን በመጀመሪያ በትንሹ፣ ቀጥሎ በሙሉ ስክሪን፣ በመጨረሻም አስፍተው ይመልከቱት። በትንሹ ሲያዩት ዝርዝሩ ስለሚጠፋ ብርሃኑና ጥቁረቱ እንዴት እንደተቀመጠ ጎልቶ ይወጣል፤ ሲሰፋ ደግሞ ፎከሱ የት እንዳረፈ ይታያል። አስፍቶ ማየትን መጀመሪያ ላይ ማድረግ ግን ጉዳት አለው፤ ተቺው ወዲያው የዓይን ሽፋሽፍትን ጥራት መፈተሽ ይጀምርና ፎቶው የሚለውን ሳይሰማ ይቀራል።

ሁለተኛ፦ ከመፍረድ በፊት ያዩትን መናገር

ሙሉ አንድ ደቂቃ ዝም ብለው ይመልከቱ። ዓይንዎ መጀመሪያ የት አረፈ? ቀጥሎ ወዴት ሄደ? ከፎቶው ወጥቶ የቀረውስ በየት በኩል ነው? እነዚህን ሦስት ነገሮች በአጭሩ ይጻፉ። ቀጥለውም በፎቶው ውስጥ ያለውን ሁሉ ያለ ምንም ቅጽል ይግለጹ፦ «አንዲት ሴት አለች፤ ከፊቷ ሦስት ጆንያ አለ፤ ብርሃኑ ከግራ ይመጣል፤ ከጀርባዋ የሚያልፍ ባጃጅ ግማሹ ተቆርጧል።» ብዙዎች ይህን ደረጃ እንደ ጊዜ ማጥፊያ ያዩታል። እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምጠነቀቅለት ይህን ነው፤ ምክንያቱም ባለፎቶው ገበያው ውስጥ ቆሞ ሳለ ያላየውን ባጃጅ የሚያየው ሌላ ሰው ሲዘረዝርለት ነው። ፍርድ የሌለበት ዝርዝር ማንንም አያስቀይምም፤ ሆኖም ግማሹን እርማት እሱ ራሱ ይሠራዋል።

ሦስተኛ፦ ምን ፈልጎ እንደነበር መጠየቅ

ጥያቄው የሚመጣው አሁን ነው እንጂ ቀደም ብሎ አይደለም። ታሪኩን አስቀድመው ከሰሙ በፎቶው ውስጥ የሌለውን ሁሉ ማየት ይጀምራሉ። «ስታነሣው ዓይንህን የሳበው ምን ነበር?» ብለው ይጠይቁና መልሱን ቀደም ብለው ከጻፉት ጋር ያስተያዩ። እሱ የእናትየውን ፈገግታ ፈልጎ እርስዎ መጀመሪያ ያዩት ቢጫውን ጀሪካን ከሆነ፣ የሂሱ ዋና ጉዳይ በእጅዎ ገባ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ የሚናገሩት ሁሉ ያንን ርቀት ለማጥበብ የሚረዳ መሆን አለበት። ፎቶው ለማን እንደተነሣ ማወቅም ይጠቅማል፤ ለሰርግ አልበም የተነሣ ፎቶና ለራስ ደስታ የተነሣ ፎቶ በአንድ ሚዛን አይለኩም።

አራተኛ፦ ብርሃኑን መመርመር

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ በምዕራብ በኩል በጦሳ ተራራ የተከለለች ከተማ ናት። ስለዚህ የቀጥታ ፀሐይ ከከተማዋ የሚሄደው ቀን መቁጠሪያው ከሚናገረው ሰዓት ቀድሞ ነው፤ ፀሐይዋ ከተራራው ጀርባ ስትገባ ሰማዩ ገና ብሩህ ሆኖ መንገዱና ሰዉ ጥላ ውስጥ ይገባሉ። በዚህ ሰዓት ፒያሳ ላይ የተነሡ ፎቶዎች ተመሳሳይ ችግር ይታይባቸዋል፦ ሰማዩ ነጭ ወረቀት ይሆናል፣ ወይም ሰዉ ከል ይመስላል። ተቺው «ፎቶው ጨልሟል» ብቻ ቢል አልረዳም። ካሜራው ሰማዩንና ጥላውን በአንድ ጊዜ ሊይዝ እንደማይችል፣ ስለዚህ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ እንደሆነ፣ ሰማዩ ካልተፈለገ ካሜራውን ዝቅ አድርጎ ከፍሬሙ ማስወጣት እንደሚቻል መንገር አለበት። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዳ፣ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ የምትገኝ በመሆኗ የብርሃኑ ጸባይ ይለያል፤ ስለዚህ ለደሴ የሠራን ምክር ሳያስተያዩ ለኮምቦልቻ መስጠት አይገባም።

የሰዓቱንና የወቅቱን ነገር ይመልከቱ። አካባቢያችን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚገኝ በሚያዝያና በነሐሴ የቀትር ፀሐይ ከአናት በላይ ትሆናለች። በዚያን ጊዜ ስድስት ሰዓት ላይ የተነሣ ሰው ዓይኖቹ በቅንድቡ ጥላ ጉድጓድ ይሆናሉ፤ ከአፍንጫው ሥርም ጥቁር ጥላ ይወርዳል። ይህን ያየ ተቺ ስለ ካሜራ አይናገር፤ «ከበረንዳ ጠርዝ ሥር አቁመው» ወይም «በጠዋት ከአንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ተመለስ» ይበል። በተቃራኒው የሐምሌ ጉምና ደመና እንደ ችግር መታየት የለበትም፤ ብርሃኑ ለስላሳ ስለሚሆን ፊት ያምርበታል፣ የእርጥብ ሣርና የጡብ ቀለምም ይጎላል። በክረምት ካሜራውን የሚሰቅል ጓደኛ ካለዎት ይህን ይንገሩት።

ካሜራ ብርሃንን የሚለካው ያየው ነገር ሁሉ በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ በመገመት ነው። ይህ ግምት በእኛ አገር ፎቶዎች ላይ በየጊዜው ስሕተት ይፈጥራል። እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ነጠላ ለብሰው የቆሙ ምእመናን ሲነሡ ካሜራው ነጩን ወደ ግራጫ ያወርደዋል፤ ነጠላው አመድማ፣ ፊቱም ከሚገባው በላይ ጥቁር ይሆናል። መፍትሔው የኤክስፖዠር ማካካሻውን፣ ማለትም ካሜራው የለካውን ብርሃን የሚጨምረውን ወይም የሚቀንሰውን ማስተካከያ፣ ወደ መደመር ከ0.7 እስከ 1 ድረስ ማሳደግ ነው። በተቃራኒው ጥቁር ጀበና በቅርብ ሲነሣ ካሜራው ያነጣዋል፤ ሸክላው ድምቀቱን እንዲይዝ ወደ መቀነስ 1 መውረድ ያሻል። በስልክ የሚያነሣ ሰው ፊቱን ነክቶ፣ አጠገቡ የምትመጣውን የፀሐይ ምልክት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ቢስብ ተመሳሳይ ውጤት ያገኛል።

ስለ ፊት ቀለም አንድ ነገር ማከል እፈልጋለሁ። ኮዳክ ለቀለም ማስተካከያ ወደ ፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ይልካቸው የነበሩት ካርዶች ለረጅም ጊዜ የነጭ ሴት ምስል የያዙ ነበሩ፤ ጥቁር ቆዳ በፊልም ላይ በደንብ ሳይወጣ የኖረበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ዛሬም የብዙ ስልኮች የማሳመሪያ ዘዴ ቆዳን ያነጣል፣ ያለሰልሳልም። በፎቶው ላይ ያለው ሰው ከራሱ በላይ ቀልቶ ወይም ነጥቶ ከታየዎት፣ ይህን በግልጽ ይናገሩ። የሰው መልክ የራሱ ነው፤ ማስተካከል የሚገባው ብርሃኑን ነው።

አምስተኛ፦ «ድብዝዝ ነው» ከማለት በፊት ምክንያቱን መለየት

ፎቶ ጥርት ሳይል የሚቀርባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች ሦስት ሲሆኑ፣ መድኃኒታቸውም የተለያየ ነው። ይህን መለየት የሚችል ተቺ ለጓደኛው ከማንኛውም ውድ ሌንስ የበለጠ ይጠቅመዋል።

አስፍተው ሲያዩ በፎቶው ውስጥ ያለው ሁሉ፣ ግድግዳውም ሰዉም፣ ወደ አንድ አቅጣጫ የተጎተተ ከመሰለ እጅ ተንቀጥቅጧል ማለት ነው። መለኪያው ቀላል ነው፦ የሸተር ፍጥነቱ ቢያንስ ከሌንሱ ርዝመት ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ለ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ 1/50 ሰከንድ፣ ለ200 ሚሊ ሜትር 1/200። አነስ ያለ ሴንሰር (ምስሉን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) ባላቸው የተለመዱ የአማተር ካሜራዎች ላይ ደግሞ ቁጥሩን በ1.5 ማባዛት ይሻላል፤ 50ው 1/80 ገደማ ይፈልጋል። ግድግዳው ጥርት ብሎ ሰዉ ወይም እጁ ብቻ ከተጎተተ ግን እጅዎ አልተንቀጠቀጠም፤ የተንቀሳቀሰው ሰዉ ነው። ለሚራመድ ሰው 1/250፣ ለሚሮጥ ልጅ ወይም ለባጃጅ 1/500 እና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ሦስተኛው ደግሞ አንድ ቦታ፣ ለምሳሌ ጆሮው ወይም ከፊት ያለው ጆንያ፣ ጥርት ብሎ ዓይኑ የደበዘዘ ሲሆን ነው። ይህ የፎከስ መሳት ነው፤ ሸተሩን ማፍጠን ምንም አይረዳውም።

ለፎከስ መሳት ትልቁ ምክንያት 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ገዝቶ አፐርቸሩን ሁልጊዜ 1.8 ላይ መተው ነው። አነስተኛ ሴንሰር ባለው ካሜራ፣ ከአንድ ሜትር ርቀት፣ በ1.8 ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሰዉ ትንሽ ሲያዘነብል ወይም ፎቶ አንሺው ሲተነፍስ ዓይኑ ከዚያ ያመልጣል። ወደ 4 ቢያወጣው ጥልቀቱ ከእጥፍ በላይ ይሆናል፤ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ማለትም እንዲሁ ይረዳል። ስልክ ላይ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ የጀርባው ብዥታ በአብዛኛው በሶፍትዌር የተሠራ ስለሆነ ስሕተቱ የሚገኘው በጠርዙ ላይ ነው። ሹሩባው ከግድግዳው ጋር አብሮ ከደበዘዘ ወይም የነጠላው ጥለት ግማሹ ከጠፋ፣ ፖርትሬት ሞዱን አጥፍቶ ሰዉን ከግድግዳው ሁለት ሦስት ሜትር ማራቅ የተሻለ ውጤት ይሰጣል። ስልኩን ፊት ላይ አስጠግቶ ማንሣት አፍንጫን እንደሚያሳብጥም አይርሱ፤ ወደ ኋላ ሄዶ ሁለት እጥፍ ማቅረቢያውን መጠቀም ነው።

ፎቶው ጥርት ባይልም ምንም የማይጎድለው ጊዜም አለ። በዝናብ የሚሮጥ ሰው እግሩ ቢጎተት ሩጫውን ያሳያል። ስለዚህ ሁልጊዜ ወደ ሦስተኛው ደረጃ ይመለሱ፤ ብዥታው ባለፎቶው የፈለገውን ይረዳል ወይስ ያውከዋል?

ስድስተኛ፦ ቅንብሩ

አብዛኛው ሰው ስለ ቅንብር ሲናገር ፍሬሙን በሦስት እጅ ስለመክፈል ብቻ ይናገራል። ያንን ማወቅ መልካም ነው፤ ነገር ግን ፎቶን ሕግ በመጥቀስ መተቸት ሰነፍ ያደርጋል። እኔ የምመክረው ከጠርዙ መጀመርን ነው። አራቱን ጠርዞች በዓይንዎ ይዙሩባቸው፤ ግማሹ የተቆረጠ እግር፣ ከጥግ የገባ ብሩህ የማዳበሪያ ከረጢት፣ ከሰው ጭንቅላት ላይ የበቀለ የመብራት ምሰሶ አለ? ዓይን ሁልጊዜ ወደ ብሩህ ነገርና ወደ ጽሑፍ ይሮጣል፤ ከጀርባ ያለ የሱቅ ማስታወቂያ ሰዉን ሊያስረሳ ይችላል። መፍትሔውም ብዙ ጊዜ አንድ እርምጃ ወደ ግራ ወይም ጉልበትን ማጠፍ ነው፤ ለባለፎቶው የሚነገረውም ይኸው አንድ እርምጃ ነው።

ቀጥሎ አድማሱን ይመልከቱ። ሐይቅ ላይ የተነሣ ፎቶ ውሃው ወደ አንድ ወገን የሚፈስ ከመሰለ ወዲያው ይታወቃል። ሕንፃ ላይ ደግሞ ጉዳዩ የቋሚ መስመሮች ነው፤ የንጉሥ ሚካኤልን አይጠየፍ አዳራሽ በቅርብ ቆሞ ካሜራውን ወደ ላይ ቀና አድርጎ ያነሣ ሰው ግድግዳው ወደ ኋላ የወደቀ ይመስልበታል። ወደ ኋላ መራቅ፣ ካሜራውን ቀጥ አድርጎ መያዝ፣ ከታች የሚተርፈውን መሬት ቆይቶ መቁረጥ ይቻላል።

ስለ ጦሳ ፎቶዎች ትንሽ ልቆይ። ከጦሳ ላይ ሆኖ ከተማዋን ያላነሣ የደሴ ፎቶ አንሺ ያለ አይመስለኝም፤ ፎቶዎቹ ግን እርስ በርስ ይመሳሰላሉ። ሰፊ ሌንስ፣ ብዙ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ የጠዋት የማገዶ ጭስ፣ ከላይ ግማሽ ፎቶ የሚሆን ባዶ ሰማይ። ፎቶው ሁሉን ስለያዘ ዓይን የሚያርፍበት ያጣል። እንዲህ ያለ ፎቶ ሲቀርብልዎ «የተለመደ ነው» አይበሉ። «ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ እንድታስቀር ብትገደድ የቱን ታስቀራለህ?» ብለው ይጠይቁት። ሚናሬውን ካለ ረዥም ሌንስ ይዞ፣ ጭሱ በሚናሬው ዙሪያ ሲጋደም እንዲጠብቅ ይንገሩት። የተራራውን ከፍታ ካለ ደግሞ ከፊት ለፊት የሚታይ ነገር፣ ለምሳሌ እንጨት ተሸክማ የምትወርድ ሴት ወይም የባሕር ዛፍ ግንድ፣ ያስፈልገዋል፤ ያለዚያ ከፍታው በፎቶ ላይ አይሰማም።

በመጨረሻም ቅጽበቱን። ባለፎቶው ከዚያ በፊትና በኋላ ያነሣቸውን ፎቶዎች አብሮ እንዲያሳይ መጠየቅ እጅግ ጠቃሚ ነው። ብዙ ጊዜ ከተመረጠው ይልቅ የተሻለው የተጣለው ነው፤ መምረጥም እንደ ማንሣት ሁሉ ራሱን የቻለ ሙያ ነውና ሊተች ይገባል።

ሰባተኛ፦ ኤዲቱ

ሦስት ነገሮችን ብቻ ይፈትሹ። በተራራው ጫፍና በሰማዩ መካከል ነጭ ክር ካለ የንጽጽር መጨመሪያው ከልክ አልፏል። ሣሩ የሚያብለጨልጭ አረንጓዴ ከሆነ የቀለም ድምቀቱ በዝቷል። የፊት ቆዳ ቀዳዳ ከሌለው ማለስለሻው በዝቷል። ፎቶው የሚታተም ከሆነ ደግሞ መጠኑን ይጠይቁ፤ 20 በ30 ሴንቲ ሜትር በጥሩ ጥራት ለማተም 2,400 በ3,600 ፒክስል ገደማ ያስፈልጋል፤ ወረቀት እንደ ስክሪን ብርሃን ስለማያወጣም ትንሽ አንጥቶ መላክ ይገባል።

ስምንተኛ፦ የተነሣውን ሰው ማሰብ

ፎቶው በሁሉም በኩል ያማረ ሆኖ ሳለ ሊነሣ የማይገባው ሊሆን ይችላል። በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ ደጅ እጃቸውን የዘረጉ ሰዎች፣ በለቅሶ ላይ ያሉ እናቶች፣ ራቁታቸውን የሚታጠቡ ሕፃናት በፎቶ ላይ ሲታዩ «ሰዉ ያውቃል? ፈቅዷል?» ብሎ መጠየቅ የተቺው ግዴታ ነው። አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው የሚገናኝበት የባቲ ሰኞ ገበያ ከሩቅ በረዥም ሌንስ ተሰርቀው የተነሡ ፎቶዎች ብዙ የሚመጡበት ቦታ ነው፤ እነዚህ ፎቶዎች ላይ የሚታየው ሰው ብዙ ጊዜ ፊቱን ሲያዞር ወይም በእጁ ሲከልል ነው፤ ያ ምልክት ራሱ መልስ ነው። በ2014 ዓ.ም. በአካባቢያችን ከነበረው ጦርነት የተረፉ የፈረሱ ቤቶችና የተፈናቀሉ ሰዎች ፎቶ ሲቀርብ ደግሞ ስለ ቅንብር ከመናገር በፊት የሰዎቹን ስምና ሁኔታ ባለፎቶው ያውቅ እንደሆነ ይጠይቁ። ይህን ጉዳይ በሰው ፊት ሳይሆን ለብቻ ማንሣት ይሻላል፤ ሰው በአደባባይ ሲነገረው ራሱን ለመከላከል ይቸኩላልና።

ዘጠነኛ፦ አነጋገሩ

ይሉኝታ በእኛ ዘንድ ከባድ ነው፤ ብዙ ሂስ የሚቀረው ባለማወቅ ሳይሆን ሰው እንዳይቀየም በመፍራት ነው። ከዚህ የሚያወጣው መንገድ ማለሳለስ ሳይሆን ማጥበብ ነው። ከአሥር ጉድለት አንዱን፣ ቢበዛ ሁለቱን ይምረጡ፤ ባለፎቶው የፈለገውን ነገር ከሁሉ በላይ የሚያውከውን። ለታላቅ ሰው በጥያቄ መጀመር ያምራል፦ «ጋሼ፣ ይፍቀዱልኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ እዚህ ጋ ዓይኔ ወደ ምሰሶው ሄደብኝ፤ አስበውበት ነው?» ለእኩያ ግን በቀጥታ መናገር ይቻላል። መልካሙንም ሲናገሩ በልኩና በምክንያቱ ይናገሩ፤ «ያምራል» ከማለት «ብርሃኑ ከጎን በመምጣቱ የእጃቸው መጨማደድ ታየ» ማለት ሰዉ ያንን ነገር አውቆ እንዲደግመው ያደርጋል።

ለምሳሌ ያህል አንዲት ጀማሪ ከሰኞ ገበያ ያመጣችውን ፎቶ እናስብ። በደመናማ ጠዋት፣ በሰማያዊ ሸራ ሥር በርበሬ የሚሰፍሩ እናት ናቸው። መረጃው 50 ሚሊ ሜትር፣ አፐርቸር 1.8፣ ሸተር 1/80፣ አይኤስኦ 100 ይላል። ፊታቸው ሰማያዊ ሆኗል፤ ጣሳውን የያዘው እጃቸው ተጎትቷል፤ ጥርት ያለው ከፊት ያለው በርበሬ ነው። ባለፎቶዋ የፈለገችው የእናቲቱን ትኩረት ነበር። ሂሱ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ዓይኔ መጀመሪያ የሄደው ወደ በርበሬው ነው፤ ከዚያ በጣሳው በኩል አድርጎ ወደ እሳቸው ወጣ። ይህ መንገድ ጥሩ ነው፤ ቁመትሽን ዝቅ አድርገሽ ከበርበሬው ትይዩ ማንሣትሽ ነው የሠራው። ነገር ግን ዓይኔ ፊታቸው ላይ ደርሶ አላረፈም፤ ፎከሱ በርበሬው ላይ ስለቀረ ዓይናቸው ደብዝዟል። በ1.8 ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ አይቻልም። ፎከሱን ዓይናቸው ላይ አድርጊ፤ አፐርቸሩን ወደ 2.8፣ ሸተሩን ወደ 1/250 አውጪ፤ ለዚህ አይኤስኦ 800 ገደማ ይበቃል፤ ካሜራሽ ይችለዋል። ሰማያዊው ከሸራው የመጣ ስለሆነ ፊታቸው በሙሉ ሸራው ሥር ካለ በዋይት ባላንስ፣ ማለትም በካሜራው የቀለም ማስተካከያ፣ ይስተካከላል፤ ግማሹ ሸራ ግማሹ ሰማይ ካረፈበት ግን አንዱን ስታስተካክዪ ሌላው ቢጫ ይሆንብሻል። እሳቸውን ሳታስነሺ አንቺ ቦታ ቀይረሽ ፊታቸው ወደ ክፍቱ ወገን የሚዞርበትን ጊዜ ጠብቂ።»

ይህ ሂስ ስለ ጠርዙ፣ ከጀርባ ስላለው ከረጢት፣ ስለ ኤዲቱ ምንም አላለም። እነዚያ ሌላ ቀን ይደርሳሉ።

አሥረኛ፦ ሂስ መቀበልና መመለስ

የሚተች ሰው የራሱንም ማቅረብ አለበት፤ በተቺነት ብቻ የሚያገለግል ሰው በጥቂት ወራት ውስጥ የማይሰማ ይሆናል። ፎቶዎ ሲተች እስኪያልቅ አይመልሱ፤ ያልገባዎትን ብቻ ይጠይቁ፤ «እኔ እኮ» ብለው ስለ ሁኔታው ማስረዳት ቢፈልጉም ያቆዩት፤ ተመልካች ሁኔታውን አያገኘውም፤ የሚያገኘው ፎቶውን ነው። ሁለት ሰዎች ተቃራኒ ነገር ከነገሩዎት ምክራቸውን ትተው ያዩትን ያስተያዩ፤ ብዙ ጊዜ የተለያየ መፍትሔ ቢሰጡም የጠቆሙት ቦታ አንድ ነው። ያ ቦታ ችግር አለበት ማለት ነው፤ መፍትሔው የእርስዎ ነው።

ከዚያ በኋላ ወደዚያው ቦታ፣ በተቻለ መጠን በዚያው ሰዓት፣ ተመልሰው የተነገረዎትን አንድ ነገር ብቻ ቀይረው ያንሡ። ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አድርገው ለመጀመሪያው ተቺ ይላኩለት፤ እሱም ምክሩ ሠርቶ እንደሆነ፣ ወይም ሌላ ችግር አምጥቶ እንደሆነ አይቶ ይንገርዎት። ምክሩ ካልሠራ ይህንንም ሳያፍሩ ይንገሩት፤ በሚቀጥለው ሳምንት ለሌላ ሰው ያንኑ ምክር ከመስጠቱ በፊት ማወቅ ይኖርበታል።